ይሰማል?

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ከቁልፉ ጋር ሁለት ጥቅል ሽቦ፣
ሦስት ካርቶን ካሴት፣ አቧራ ተደራርቦ።
ከቀበሌው መጋዘን ጥግ፣ ከአይጦቹ ጎራ፣
ድምፅ የዘራንባት ይቺው ነች ያቺ ሥፍራ።

ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን ነው፤ እንየው ለምኖ
ከየምግብ ቤቱ አምጥቶ፣ አንድ ባንድ ከድኖ።
«ባዶ ካርቶን ከየት ይምጣ?» ባለቤቲቱ ስትለው
«ባዶ እስኪሆን እበላለሁ» አለ፤
ሦስት ወር ቁርሱን በዱቤ፤ ያን ዕዳ አልከፈለው።

ማሰራጫው በጋሪ መጣ፣ ከአውቶቡስ ጣራ ወርዶ፤
ፈረሱ ከዳገቱ ወገብ ቆመ፣ ሳጥኑ ከብዶ።
«ምን ጫናችሁ?» አለ ጎሹ፣ ባለ ጋሪው።
«ድምፅ ነው» አልነው።
ዝም ብሎ ገፋ። ከጫፍ ስንደርስ ግን ኪራዩን ጨመረው።

ማክሰኞ ነበር የተከፈተው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
ሰላምታው ታርሞ፣ ተገልብጦ፣ በንጹሕ ወረቀት።
እንየው ማይኩን ከፈተና ጉሮሮው ያዘው፤ ሳለ።
ሳሉ ጠምጫን ተሻገረ፣ ከገደል ገደል ዘለለ።
ከዚያ «ይሰማል?» አለ።
ሬዲዮ አፍ እንጂ ጆሮ የለው፤ ማን ይመልስለት?
እሱ ግን ጠበቀ፣ ከማዶ የሚመጣ መልስ ያለ መስሎት።
በማግሥቱ ደንበጫ ገበያ፣ የማያውቀው ሁሉ
«ይማርህ!» እያሉ፣ «ዝንጅብል ያዝበት!» እያሉ።

ባንቺአምላክን ያገኘናት ከጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍል፣
ስም ስትጠራ ሰምተን፤ የታመመው ሰው «ደህና ነኝ» እስኪል።
የጠፋ በሬ ታነባለች፣ «ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ»፤
የሞተ ሰው ስም ጋ ስትደርስ ግን ትንፋሿን ጠብቃ።
ጌሾ ልትገዛ ብትወጣ፣ መልኳን ማንም አያውቅ፤
«ስንት ነው?» ያለች እንደሆን ግን ሻጯ ክው ትላለች፤
ትናንት ማታ የጌሾን ዋጋ የነገረቻት እሷው ነች።

አንድ ቀን ሞላልኝ የሚባል የቆላ ሰው መጣ፣
ጥጃ ተሰርቃበት። «ጣቢያው የት ነው?» ቢል
ልጆቹ ወደ እኛ ላኩት።
እሱ ፖሊስ ፈልጎ፣ እኛ ደግሞ ወሬ አጥተን፣
«ቃልዎን ይስጡ» አልነው፣ ከማይኩ ፊት አስቀምጠን።
ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ማለ፤
የጥጃዋን መልክ፣ የእናቷን ስም፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣
«ማን እንደሆንክ አውቃለሁ፤ እስኪነጋ ልይህ» አለ።
አያውቅም ነበር።
ጥጃዋ ሲነጋ ከደጁ ታስራ ተገኘች፤
ከጎኗም አንዲት ዶሮ፤ የማን እንደሆነች
እስከ ዛሬ አልታወቀች።

ሐምሌ ላይ መብረቅ ምሰሶውን ለሁለት ሰነጠቀ።
አሥራ ሰባት ቀን ዝም አልን፤ አገሩ ተጨነቀ።
በዚያ ሰሞን ሦስት ሰው ሞቶ፣ ለቀብር ያልደረሰው ስንት ነው!
በአሥራ ስምንተኛው ሽማግሌዎች መጡ፣ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፤
እንየው «የሚያስፈልገው ብረት...» ሊል ጀመረና ተወው።

መቼ ተዘጋ? ይሉኛል። ቀን የለውም።
እንደ ኩሬ ነው፤ ሲጎድል እንጂ ሲደርቅ አይታይም።
ስልኩ መጣ፤ ወጣቱ ጆሮውን ይዞበት ሄደ።
ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ነዳጅ በውሃ ኮዳ ተቸረቸረ፤
ጀነሬተሩ ያለችውን ጠጥቶ፣ እንደ ሰካራም አንገቱን ደፋ፣ ቀረ።
ባንቺአምላክ ተዛወረች።
እንየውን ባለፈው ጥቅምት ቀበርነው።
የቀብሩን ሰዓት የሚያነብ ጠፋ፤
በእግራችን ዞረን፣ በር አንኳኩተን ነው የነገርነው።

ዛሬ ማታ መብራት መጣ። የመጀመሪያዋን ካሴት ከተትኩ።
ሽሽታ። ከዚያ ሳሉ። ከዚያ «ይሰማል?»
ያኔ እሱ የጠበቀውን ያህል እኔም ጠበቅኩ።
ከአጥሩ ማዶ እትዬ አትጠገብ፣
«ኧረ ይሰማል! ቀንሰው እንጂ፣ ሕፃን ተኝቷል!»

ወደ ኋላ አጠነጠንኩ።